ለጤና ሚኒስትሩ፦ የልጆች አስም በማስታገሻ ብቻ አይታከም

ክቡር ሚኒስትር፣

በመድኃኒት ማደያ መስኮት በኩል የምቀበላቸው የልጆች የአስም ማዘዣዎች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሳልቡታሞል የተባለው ማስታገሻ። ልጁ ታፍኖ ጤና ጣቢያ ይመጣል፣ ይታዘዝለታል፣ ይሻለዋል። ሲያልቅበት ተመልሶ ያንኑ ይወስዳል፤ ለምን ቶሎ አለቀ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ሳልቡታሞል ነፍስ አድን ነው። የተኮማተረውን የአየር ቧንቧ በደቂቃዎች ውስጥ ይከፍታል። ኃይሉ ግን ከ4 እስከ 6 ሰዓት ነው፤ የቧንቧውን ብግነት አይነካውም። ብግነቱን የሚያበርደው በየቀኑ የሚሳብ ስቴሮይድ ነው፤ ቤክሎሜታዞን ወይም ቡዴሶናይድ። በዩናይትድ ኪንግደም እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነው የአስም ሞት ምርመራ፣ ማዘዣቸው ከተቆጠረ 165 ሟቾች 65ቱ በመጨረሻው ዓመታቸው ከ12 በላይ የማስታገሻ ፓፍ (በአፍ የሚሳብ መድኃኒት የያዘ ሙሉ ዕቃ) እንደታዘዘላቸው አግኝቷል። አደጋው ከማዘዣው ላይ ይነበብ ነበር ማለት ነው።

ወላጆች ስቴሮይድ ሲባል ይደነግጣሉ፤ ስጋታቸውም ቀና መልስ ይገባዋል። በትንሽ መጠን ለዓመታት የሚሳብ ስቴሮይድ ከልጁ ቁመት በአማካይ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሊቀንስ ይችላል። ሕመሙ በተነሳ ቁጥር ፕሬድኒሶሎን የተባለውን የሚዋጥ ስቴሮይድ እየዋጡ መኖር ግን ከዚያ የከፋ ነው።

በጉንፋን ጊዜ ሲር ሲር ያለ ሕፃን ሁሉ አስም አለበት ማለቴ አይደለም። የምናገረው ሕመሙ ስለሚመላለስበት ልጅ ነው።

ስለዚህ የሚሳበው ስቴሮይድ ሳልቡታሞል ባለበት ጤና ጣቢያ ሁሉ ይኑር፤ እዚያ የሚያክሙት ባለሙያዎችም ሪፈር ሳይጽፉ እንዲያስጀምሩት ይፈቀድላቸው። የሳልቡታሞል ሽሮፕ ለአስም መታዘዙ ይቅር፤ ዘግይቶ ይሠራል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ልብ ያስመታል። ፓፍ ያለ ስፔሰር፣ ማለትም በፓፉና በልጁ አፍ መካከል ከሚገባው ባዶ መያዣ ውጭ፣ ለልጅ አይሰጥ፤ ያለ እሱ መድኃኒቱ አብዛኛው ጉሮሮ ላይ ይቀራል። የስፔሰር እጥረት ምክንያት ሊሆን አይገባም፤ በደቡብ አፍሪካ የተጠና ባለ 500 ሚሊ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስም ሥራውን ይሠራል። እኛም መድኃኒት የምናድለው፣ አንድ ልጅ በዓመት ውስጥ ሦስተኛውን የሳልቡታሞል ፓፍ ሊወስድ ሲመጣ ወደ ሐኪሙ እንድንመልሰው በመመሪያ ይታዘዝልን። ማስታገሻውን ሳንከለክለው፣ በዚያው ቀን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመድኃኒት ባለሙያ