«ለማየት ብቻ ይከፈላል ወይ?» ላላችሁን ደንበኞቻችን

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ታይሚንግ ቤልቱ ተበጥሶ ወደ ጋራዣችን ለሚገባ መኪና 1,500 ብር የምርመራ ክፍያ መጠየቅ በመጀመራችን ብዙዎቻችሁ እንደተቀየማችሁን እናውቃለን። አስቀድመን ሳናሳውቅ መኪናው በር ላይ ከቆመ በኋላ መናገራችን ስህተት ነበር፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ክፍያውን ግን አናነሳውም። ምክንያቱን በር ላይ በችኮላ ስንናገር ስላልገባችሁ እዚህ ረጋ ብለን እንጻፈው።

ታይሚንግ ቤልት ባለ ጥርስ የጎማ ቀበቶ ነው፤ ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ክራንክሻፍት ከካምሻፍቱ ጋር ያገናኛል፤ ካምሻፍቱ ደግሞ የአየርና የጭስ መዝጊያ የሆኑትን ቫልቮች ይከፍታል። ቤልት ሲበጠስ መኪናው እየሄደ ሳለ ያለ ማስጠንቀቂያ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ሸክም እንደሌለበት ከወትሮው ፈጥኖ ይሽከረከራል። ቫልቮቹ ስለቆሙ ሞተሩ ኮምፕሬሽን የለውም፣ አየር አያምቅም ማለት ነው። እባካችሁ እዚያው አቁሙ። ደጋግሞ ማስነሳት፣ በማርሽ መግፋት፣ ከነማርሹ ማስጎተት ከመጀመሪያው ምት የተረፈውን ቫልቭ ሊያጣምም ይችላል። ስትደውሉ «ስንት ጊዜ ሞከራችሁ?» የምንለው ለዚህ ነው እንጂ ለወቀሳ አይደለም።

መበጠሱን ማወቅ ቀላል ነው፤ አንክድም። 5ኤ ሞተር ባለው ኮሮላ ላይ የዲስትሪቢዩተሩን (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያድለውን) ክዳን አንስቶ ሞተሩን ማዞር ይበቃል፤ ውስጡ ያለው ሮተር ካልዞረ ካምሻፍቱም ቆሟል። ለዚህች አምስት ደቂቃ ማንንም አናስከፍልም። (የላይኛውን ሽፋን ከፍቶ ቤልቱ ሙሉ ሆኖ ያየ ሰው ግን አይቸኩል፤ ታች ክራንክሻፍቱ ጋ ጥርሱ ብቻ ተልጦ ሊሆን ይችላል።) ገንዘቡ ከዚያ በኋላ ላለው ሥራ ነው፤ ለምን ተበጠሰ? ሲበጠስስ ምን ነካ?

ቤልት ዘይት ከነካው ጎማው ይለሰልሳል፣ ያብጣል። ዘይቱ የሚመጣው ካረጀ የካምሻፍት ወይም የክራንክሻፍት ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይወጣ ከሚያግደው ጎማ) ነው፤ ኦይል ሲሉ ካልተቀየረ አዲሱም ቤልት በዚያው መንገድ ይሄዳል። ቤልቱን የሚወጥረው ኩሽኔታ ተጣብቆ አልዞር ሲል ደግሞ የቤልቱ ጀርባ ይቃጠላል። 3ኤስ ሞተር ያለው ራቭ ፎር ላይ የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው ራሱ ታይሚንግ ቤልቱ ስለሆነ ፓምፑ ሲነቃነቅ ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። 4ዲ56 ናፍጣ ላይ የሞተሩን መንቀጥቀጥ ለሚቀንሰው ባላንስ ሻፍት ሌላ ትንሽ ቤልት አለች፤ እሷ ስትበጠስ ቁራጯ ትልቁ ቤልት ውስጥ ገብታ እሱንም ይዛው ትሄዳለች። «ትልቁን ብቻ ቀይሩልኝ» ላለን ሁሉ አይሆንም ብለናል፤ ወደፊትም እንላለን።

ሁለተኛው ጥያቄ እንደ ሞተሩ ነው። በተለመዱት የ4ኤ፣ 5ኤ፣ 7ኤ እና 3ኤስ ሞተሮች ላይ ቤልት ቢበጠስም ፒስተኑ ቫልቩን አይነካም። እዚህ ላይ ቅሬታችሁን ተቀብለናል፤ ለእነዚህ ሞተሮች ክፍያው ከዛሬ ጀምሮ 500 ብር ነው። 3ኤል፣ 5ኤል፣ 2ኬዲ፣ 1ኤችዜድ እና 4ዲ56 ግን ናፍጣ ናቸው፤ ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ ከቴስታታው (ቫልቮቹ ካሉበት የሞተሩ የላይኛ ክፍል) ጋር የሚቀረው ክፍተት እጅግ ጠባብ ነው። ክፍት የቀረ ቫልቭ ይመታል። 4ዲ56 ላይ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰበረው ሮከሩ (ቫልቩን የሚገፋው ክንድ) ነው።

በአራት ሲሊንደር ናፍጣ ላይ የምንሠራው ይህ ነው፦ ክራንክሻፍቱን ከምልክቱ (አንደኛው ፒስተን ጫፍ ላይ ከሚደርስበት ነጥብ) ሩብ ዙር ወደ ኋላ እንመልሳለን፤ ያኔ አራቱም ፒስተኖች መሃል ላይ ይቆማሉ። ካምሻፍቱን በእጅ አዙረን ምልክቱ ላይ እናስቀምጣለን፣ ከዚያ ክራንኩን እንመልሳለን። ቀጥሎ በየቫልቩና በሚገፋው አካል መካከል ባለው ክፍተት ፊለር ጌጅ (ክፍተት መለኪያ ስስ ብረት) እናስገባለን፤ የተጣመመ ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ ክፍተቱ ከሌሎቹ በግልጽ ይሰፋል። በመጨረሻ ሲሊንደሩን በኮምፕሬሽን ምት ጫፍ ላይ አቁመን በማሞቂያ ካንዴላው ቀዳዳ የታመቀ አየር እንሰዳለን። አየሩ በአየር ማጣሪያው በኩል ከወጣ ማስገቢያው ቫልቭ፣ በጭስ ማውጫው ከወጣ ማስወጫው ነው። በዘይት መሙያው በኩል የሚነፍስ ከሆነ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አርጅቷል፤ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከታየ ጓርኒሲዮኑ (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ነው። አንድ መካኒክና አንድ ረዳት ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል።

«እገሌ ጋ በአንድ ሰዓት ቤልት ገጥመው አስነስተው አዩት» ትሉናላችሁ። ይነሳ ይሆናል። አንድ ሲሊንደር ሞቶ እየተንቀጠቀጠ ሲነሳ ቴስታታው መውረዱ አይቀርም፤ ቤልቱን ለመግጠም የከፈላችሁት የእጅ ዋጋም ሁለት ጊዜ ይሆናል። ከዚህ የከፋው የተሰነጠቀ ቫልቭ መንገድ ላይ ተቆርጦ ፒስተኑ ላይ ሲወድቅ ነው።

ይህን ሁሉ ለዓመታት በነጻ ስንሠራ ቆይተናል። ውጤቱን ከእኛ ሰምቶ ሥራውን ሌላ ጋ የወሰደ ደንበኛ ብዙ ነው፤ ቅር ቢለንም ተናግረን አናውቅም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ በኋላ ግን ሶማሌ ተራ የምንገዛው ኩሽኔታም ኦይል ሲልም በድሮ ዋጋው የለም፤ የሠራተኞቻችን ቤት ኪራይም እንዲሁ። በዚያው ዓመት የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለተከለከለ በእጃችሁ ያለው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ይሠራል። እኛም አብረነው ልንቆይ እንፈልጋለን። አንዳንዶቻችሁ መኪናችሁን ማምጣት ስትጀምሩ ይህ ጋራዥ ጣሪያ እንኳ አልነበረውም።

ሥራውን እኛ ከሠራነው የምርመራው ክፍያ ከጠቅላላው ሂሳብ ይቀነሳል። የወጣውን ቤልትና ኩሽኔታ፣ የአዲሱንም ካርቶን እናስረክባለን። ሞተሩ በቁልፍ ከመነሳቱ በፊት በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል፤ ምልክቶቹ ሲገጥሙ በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ቀኑንና ኪሎሜትሩን ሽፋኑ ላይ እንጽፋለን። 3ኤል እና 1ኤችዜድ በ100,000፣ 2ኬዲ በ150,000 ኪሎሜትር ይቀየራል። ዳሽቦርዱ ላይ የምትበራው የቤልት መብራት ኪሎሜትር ትቆጥራለች እንጂ ቤልቱን አታየውም፤ ሳይቀየርም ማጥፋት ይቻላል። ያገለገለ መኪና ገዝታችሁ ኪሎሜትሩን ካላመናችሁት፣ ቤልቱ ከመበጠሱ በፊት አምጡት። ለዚያ ምርመራ አናስከፍልም።

የተቀየማችሁን ደግሞ ደውሉልን፤ መኪና ባታመጡም ኑ፣ ቡና አለ።

ከአክብሮት ጋር
የጋራዡ ባለቤት