በሃርፐርስ ፌሪ ለተቀበላችሁን ሁሉ የቀረበ የምስጋና መልእክት

ከጆርጂያ እስከ ሜይን 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚዘልቀው የአፓላቺያን መንገድ በእግር የምንጓዝ ኢትዮጵያውያን ነን። በዌስት ቨርጂኒያዋ ትንሽ ከተማ በሃርፐርስ ፌሪ አንድ ቀን እንድናርፍ ለረዳችሁን ሁሉ ምስጋናችን ይድረሳችሁ። ከዋሽንግተን፣ ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያ ለመጣችሁ እናቶች፣ እኅቶችና ወንድሞች፤ ለከተማዋ ነዋሪዎች፤ ለፖስታ ቤቱ ሠራተኞች፤ ዋና ጽሕፈት ቤቱ እዚያው በሆነው የመንገዱ ጥበቃ ተቋም ለተቀበላችሁን በጎ ፈቃደኞች፣ እግዚአብሔር ያክብርልን። ነገሩን ዘርዘር አድርገን የምንጽፈው ከኋላችን የሚመጡ ተጓዦች ስላሉ ነው። ለእኛ የተደረገው ለእነሱም እንዲደረግ እንፈልጋለን።

የዕረፍት ቀን ሥራ ይበዛበታል። ልብስ ይታጠባል፣ እግር ይታከማል፣ ጫማ ይቀየራል፣ ስንቅ ይሞላል። ይህ እስከ ቀትር ካላለቀ ዕረፍት የሚባል ነገር የለም። ወገን በቅርብ ባለበት ከተማ ደግሞ የቀረውን ሰዓት ጥየቃ ይበላዋል። እናንተ ግን ለሥራው የሚያስፈልጉትን ጥቂት ሰዎች ጠዋት ልካችሁ፣ ሌሎቻችሁ ተኝተን እስክንነሣ ጠበቃችሁን። ከሁሉ በፊት የምናመሰግናችሁ ለዚህ ነው።

ልብሳችንን የተረከባችሁ እኅቶች ሥራውን ታውቁበታላችሁ። ከማጠባችሁ በፊት ደረቁን ልብስ በማድረቂያ ማሽን በከፍተኛ ሙቀት 10 ደቂቃ አሽከረከራችሁት። ከሣሩ የሚጣበቀው መዥገር ላይም የሚባል በሽታ ያስተላልፋል። ቀዝቃዛ ውኃና ሳሙና አይገድሉትም፣ ደረቅ ሙቀት ግን ይገድለዋል። ልብሱ ከረጠበ በኋላ 10 ደቂቃ ስለማይበቃ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። የሱፍ ካልሲዎቹን ሙቀት ስለሚያሳጥራቸው ለይታችሁ በዓይን ፈተሻችኋቸው። የላባ መኝታ ከረጢቶቹን ሳትነኩ መተዋችሁም ትልቅ ውለታ ነው፤ በተራ የልብስ ሳሙና የታጠበ ላባ ተጣብቆ ሙቀት መያዝ ይተዋል። ልብሳችን ሁሉ ማሽን ውስጥ ሳለ የምንደርበውን ጋቢ ላመጣልን ሰው የተለየ ምርቃት አለን። ብዙ ተጓዥ በዚያ ሰዓት የዝናብ ልብሱን ብቻ ለብሶ በሰኔ ሙቀት ላብ ይጠመቃል።

እግራችንን ለብ ባለ ውኃ ያጠባችሁን እናቶች፣ ለገና ላሊበላን ለሚሳለሙ ምእመናን የሚደረገውን አደረጋችሁልን። ሳታዘፈዝፉ ቶሎ ማድረቃችሁ ደግሞ ጥበብ ነው። ውኃ ውስጥ የቆየ ቆዳ ረስርሶ በማግስቱ ጫማ ውስጥ ይላጣል። ነርሷ እኅታችን ውኃ የቋጠረውን ቦታ በአልኮል በተጠረገ መርፌ ከጠርዙ ወግታ አፈሰሰችው፤ የላዩን ቆዳ ግን ሳትገፍ ሸፈነችው። ቆዳው ከተገፈፈ ሥጋው ይጋለጣል፣ ያመረቅዛልም። ጫማ የገዛችሁልንም ቁጥሩን ከመነሻችን ከፍ ማድረጋችሁ ልክ ነበር። ከወራት ጉዞ በኋላ እግር ስለሚሰፋ ግማሽ ወይም አንድ ቁጥር መጨመር አለበት፤ ጫማው ራሱም 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሄደ ሶሉ ያልቅለታል።

ስንቁ ላይ ትንሽ እንቆይ። ጊዜው ጾመ ሐዋርያት ስለነበር ከሱቅ የሚገኘው የተጓዥ ምግብ፣ አይብና የደረቀ ሥጋ፣ ለጿሚዎቻችን አይሆንም። ድርቆሹ ያን ክፍተት ሞላው። ቀላል ነው፤ ጥቂት ሙቅ ውኃ፣ በርበሬና አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ሲነካው ፍርፍር ይሆናል። ዘይቱን አትናቁት፣ ያች አንዷ ማንኪያ ብቻዋን 120 ካሎሪ ያህል አላት። እንጀራው በምድጃ እስኪሰበር ድረስ መድረቁ የግድ ነው። ጎንበስ የሚል ከሆነ በዚህ አገር የበጋ እርጥበት በሁለትና በሦስት ቀን ይሻግታል። በሶው በቀዝቃዛ ውኃ ስለሚበጠበጥ ጋዝ አስቀረልን። ሽሮ ግን፣ ብንወደውም፣ እስኪበስል ብዙ ጋዝ ስለሚፈጅ ለቤት ይቅር። ገብስ ቆሎው ላይ ለውዝ የቀላቀለችው እናት ደግሞ ክብደት ሳትጨምር ጉልበት ጨመረችልን።

ከሃርፐርስ ፌሪ ወንዙን ተሻግሮ ያለው የመንገዱ የሜሪላንድ ክፍል 65 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሚያስፈልገው ስንቅ የ3 ቀን፣ በሰው በቀን 800 ግራም ገደማ፣ በድምሩ 2.4 ኪሎ ነው። ያመጣችሁት ለአንድ ሠርግ ይበቃ ነበር። መዝነን የተረፈውን ስንመልስ «በሞቴ» ሳትሉ ስለተቀበላችሁን እናመሰግናለን። ትርፍ ኪሎ ሁሉ ጉልበት ላይ ነው የሚያርፈው።

ሌላም ያላደረጋችሁት ነገር አለ። ከዚያች ከተማ ዋሽንግተን የሚገባ ባቡር አለ፤ ማናችሁም «አንድ ሌሊት ቤት እደሩ» አላላችሁም። በሞቀ ቤት ያደረ ተጓዥ መመለሱ ይከብደዋል።

በማግስቱ ማለዳ የፖቶማክን ወንዝ እስክንሻገር ሸኛችሁን። ድልድዩን ካለፉ በኋላ በአሮጌው የጀልባ ቦይ ዳር ያለው መንገድ ሜዳ በመሆኑ፣ በዕረፍቱ የደነደነ እግር የዌቨርተን ዳገት ሳይጀምር ይፍታታል።

ለቀጣዮቹ ተጓዦች በፖስታ ቤቱ በኩል ካርቶን የምትልኩ ወገኖች፣ የተቀባዩን ስም መታወቂያው ላይ እንዳለ ጻፉ፤ የቤት ስም ወይም የክርስትና ስም ያለበት ካርቶን ለባለቤቱ አይሰጥም። ይደርሳል የተባለበትን ቀን በካርቶኑ ጎን ላይ አስፍሩ። የማብሰያ ጋዝ አትጨምሩ። እሑድ ፖስታ ቤቱ ዝግ ነው፣ ቅዳሜም ቶሎ ይዘጋል፤ ስለዚህ ተጓዡ ከሰኞ እስከ ዓርብ ባለው ቀን እንዲደርስ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ከአክብሮት ጋር፣
ተጓዦቹ