እንቁራሪቶቻችንንስ ማን ያስባቸው?

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፤ የምጽፈው ከጅማ ነው።

ስለ ቀይ ቀበሮና ስለ ዋልያ ትጽፋላችሁ፤ ጥሩ ነው። ስለ እንቁራሪት ግን ማንም አያወራም። የባሌ ተራሮች፣ በተለይ የሐረና ጫካ፣ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ የእንቁራሪት ዝርያዎች አሉት፤ አንዳንዶቹ ሊጠፉ ተቃርበዋል። ደኑ ይመነጠራል፣ ከብት ጅረቱን ይረግጣል። በዚያ ላይ ኪትሪድ የሚባል ፈንገስ አለ፤ የሚያጠቃው ቆዳቸውን ነው፣ እንቁራሪት ደግሞ በቆዳዋ ስለምትተነፍስና ውሃም በቆዳዋ ስለምትወስድ ቆዳዋ ክፉኛ ሲታመም ልቧ እስከ መቆም ይደርሳል። ቀዝቀዝ ያለና እርጥብ ቦታ ይመቸዋል፣ በእኛም ደጋዎች ተገኝቷል።

እዚህ ጅማ ያለው የቦዬ ረግረግ ደግሞ ያሳዝናል። አፈሩ ለጡብ ይቆፈራል፣ ባሕር ዛፍ ይተከልበታል፣ የከተማው ፍሳሽ በአዌቱ ወንዝ በኩል ይገባበታል። እንቁራሪት ነፍሳትን ትበላለች፣ እሷን ወፍና እባብ ይበሏታል፤ እሷ ከጠፋች የሚጎዳው ብዙ ነው!

እባካችሁ ጋዜጠኛ ላኩልን። የረግረጉም ወሰን ይከለል። ከደን ወደ ደን የሚዞር ሰው፣ ቱሪስትም ይሁን ተመራማሪ፣ የጫማውን ጭቃ አጥቦና በደንብ አድርቆ ይግባ፤ ፈንገሱ በእርጥብ ጭቃ ሊዛመት ይችላል።