አሬራውን ለምን ዘለላችሁት?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ሕንዶቹ ባህላዊ ሕክምና ስለ አዩርቬዳና ስለ አንጀት ባክቴሪያ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን ስለ ክኒንና ዱቄት ስታወሩ አሬራውን ረሳችሁት! ሕንድ አገር፣ ፑኔ ከተማ ስማር አከራዬ፣ ደግ እናት ነበሩ፣ ከምሳ በኋላ እርጎ ንጠው፣ ውኃ ጨምረው፣ የተቆላ ከሙንና ጨው ነስንሰው ካላጠጡኝ አይለቁኝም ነበር። «አግኒ»፣ ማለትም የሆድ እሳት፣ እንዳይጠፋ ነው ይሉኛል። እሳቱን እንጃ፤ እርጎው ውስጥ ግን ሕያው ባክቴሪያ አለ።

የከነከነኝ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ በኢንተርኔት ከተገዙ 193 የአዩርቬዳ መድኃኒቶች አንድ አምስተኛ ያህሉ መርዛማ የሆኑት እርሳስ (ሊድ)፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቶባቸዋል። «በሽታ የመከላከል አቅም ይጨምራል» ብላችሁ ስትጽፉ ይህንንም ጻፉልን እንጂ።

የዘወትር አንባቢያችሁ