እኔ ስማቸውን የማልጠራው በወግ ነው፤ እናንተስ?

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት እትማችሁ፣ በድኅረ ምረቃ የቋንቋና የባህል ጥናት አማካሪዎች ለተማሪዎቻቸው ስለሚያደርጉት ድጋፍ ያወጣችሁትን ሰፊ ዘገባ ሐዋሳ ውስጥ ያላነበበ ያለ አይመስለኝም፤ ቢያንስ እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የመምህራን ክፍል ውስጥ ጋዜጣው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ውሎ እኔ ዘንድ የደረሰው የሻይ ብርጭቆ ቀለበት ታትሞበት ነው። በዘገባው መሃል አንድ ፎቶግራፍ አለ። በርጩማ ላይ ተቀምጠው የቆጮ ቃጫ በቢላ የሚከታትፉ፣ በዕድሜ የገፉ ሴት ይታያሉ። ከሥሩ «አንዲት የሲዳማ እናት ባህላዊ ምግብ ስታዘጋጅ» ተብሎ ተጽፏል። እኒህ ሴት አማቴ ናቸው።

«ስታዘጋጅ»። በዚያው ገጽ ላይ አማካሪው «አብራርተዋል»፣ «ገልጸዋል»፣ «አሳስበዋል»፤ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ «ጠቁመዋል»፤ ገና 30 ዓመት ያልሞላው ተማሪ እንኳ «ተናግረዋል» ተብሎ አንቱታው አልተነፈገውም። ሰባት ልጆች ያሳደጉ፣ 72 ዓመት የሞላቸው፣ በሰፈራቸው ሽማግሌ ሳይቀር ከመቀመጫው ተነሥቶ ቦታ የሚለቅላቸው ሴት ግን አንቺ ተባሉ። የቦታ እጥረት ነው እንዳልል፣ «ስታዘጋጅ»ም «ሲያዘጋጁ»ም አምስት አምስት ፊደል ናቸው፤ ቆጥሬያቸዋለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ለማይታወቅ ሰው እንዲህ መጻፍ የጋዜጣ ልማድ ነው፤ አትቆጪ» አለኝ። መልካም፤ እኮ ለምን ሳይታወቁ ቀሩ?

መልሱ ያለው እዚያው ዘገባው ውስጥ ነው። የዚህ ተማሪ የሲዳምኛ ጥናት «በአማካሪው የቅርብ ክትትል፣ ከአካባቢው መረጃ አቀባዮች በተሰበሰበ መረጃ» እንደተሠራ ይነግረናል። «መረጃ አቀባይ» የሚለውን ቃል ጋዜጣችሁ አልፈጠረውም፤ በቋንቋና በፎክሎር ትምህርት ክፍሎች ሲሠራበት የኖረ፣ ከየማሟያ ጽሑፉ ጀርባ በአባሪነት ከሚያያዝ ሠንጠረዥ ጋር የሚመጣ ቃል ነው። እኔ ግን ቃሉን ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ ግንበኛና ጭቃ አቀባይ ነው። አቀባዩ ጭቃውን ያቀብላል፣ ግንበኛው ይገነባል፣ ቤቱም የግንበኛው ሥራ ይባላል። የአማቴ ድርሻ ግን ጭቃ ማቀበል አልነበረም፤ ግድግዳው ተጣሞ ሲቆም አይተው «ይህን አፍርሰህ እንደገና ሥራው» ያሉት እሳቸው ናቸው። እንዴት እንደሆነ ላስረዳ፤ ምክንያቱም የዘገባችሁ ስሕተትና የአማቴ መረሳት ሁለት ጉዳይ ሳይሆኑ አንድ ናቸው።

ዘገባው ባሊሻ የሚባለውን የሲዳማ ሴቶች ወግ «ያገቡ ሴቶች የአማታቸውን ስም ከመጥራት የሚቆጠቡበት ባህል» ብሎ በአንድ መሥመር ጨርሶታል። ይህ ብቻ ቢሆንማ በብዙ የአገራችን አካባቢ ያለች ምራት የምታደርገው ነው፤ ለሁለተኛ ዲግሪ አያበቃም። የባሊሻ ፍሬ ነገሩ ቀጥሎ ያለው ነው። ወጉን የምትጠብቅ ሴት የባሏን አባት ወይም እናት ስም ብቻ ሳይሆን፣ ያ ስም በሚጀምርበት ቀለም፣ ማለትም በመጀመሪያው የድምፅ ክፍል፣ የሚጀምሩ ሌሎች ቃላትንም ከአፏ አታወጣም። በምትካቸው ነገሩን በዘወርዋራ ትገልጻለች፣ አለዚያም ሴቶቹ ለዚሁ ሲሉ ያቆዩአቸውን ምትክ ቃላት ታመጣለች። ከምባታ ውስጥም ባሊሻ አለ፤ በኦሮሞ ሴቶች ዘንድም ላጉ የሚባል የሚመስለው ወግ አለ። እንግዲህ አዲሷ ሙሽራ ከባሏ ቤት ስትገባ የምግቡን፣ የዕቃውን፣ የከብቱን ስም እንደገና መማር ሊኖርባት ነው። ይህን ወደ «ስም አለመጥራት» ማሳጠር፣ ጾምን «ቁርስ አለመብላት» ብሎ እንደ መተርጎም ነው።

የአማቴ የባላቸው አባት ስም በ«ዋ» ይጀምራል። በሲዳምኛ ውሃ «ዋ» ነው፤ ቆጮ «ዋሳ» ነው። ተማሪው በእኔ አስተርጓሚነት ይርጋለም አጠገብ ካለው ቤታቸው በደረሰ ዕለት፣ ልክ በፎቶግራፉ ላይ እንደሚታየው ቆጮ እየከተፉ ነበር። ስልኩን እንዲቀዳ አዘጋጅቶ አጠገባቸው አስቀመጠና በጣቱ ወደ ቆጮው እያመለከተ «ይህ ምን ይባላል?» አለ። አማቴ ቢላውን ገታ አድርገው ለአፍታ ዝም አሉ። ከዚያ አንድ ቃል ተናገሩ፤ እሱም ጻፈ። ቃሉን እዚህ አልጽፈውም፤ ለሚቀጥለው ዘገባችሁ ካስፈለጋችሁ ይርጋለም ሩቅ አይደለም። በማግስቱ ያንኑ ጥያቄ ለጎረቤታቸው ሲያቀርብ ጎረቤቲቱ ምንም ሳያመነቱ «ዋሳ» አሉት። ልጁ በደስታ ሊበር ደረሰ። በአንድ መንደር፣ በአንድ አጥር ልዩነት፣ ለአንድ ምግብ ሁለት ቃል! ወደ ሐዋሳ ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ነገሩ ባሊሻ ሊሆን እንደሚችል ነግሬው ነበር፤ በትሕትና ራሱን ነቀነቀና ምንም አልጻፈም። በሳምንቱ «የዘዬ ልዩነት» የሚል ርእስ የሰጠውን ስምንት ገጽ ለአማካሪው ላከ። ገጾቹ ሲመለሱ ዳር ላይ በቀይ ቀለም «ጥሩ ግኝት፤ የዘዬ ልዩነቱን አስፋፋው» የሚል ሰፍሮባቸው ነበር። ዘገባችሁ «የቅርብ ክትትል» ያለው ይህንን ከሆነ፣ ክትትሉ ቅርብ መሆኑን አልክድም፤ የተከተለው መንገድ ግን ወደ ገደል ነበር።

ስሕተቱን ያገኙት አማቴ ናቸው። በሦስተኛው ጉብኝት የጻፈውን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ፤ በሲዳምኛ ነገርኳቸው፤ ቢላቸውን አስቀምጠው እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ። «እኔና እሷ የምንቀዳው ከአንድ ምንጭ ነው፤ የገባንበት ቤት ግን ለየቅል ነው» አሉት። ቀጥለውም፣ «ልጄ፣ ቃሉን ከመጠየቅህ በፊት ማን ቤት እንደገባች ጠይቅ» አሉት። ከዚያ ወዲያ በነበሩት አራት ቀናት፣ ከሰዓት በኋላ በሰፈሩ ያሉትን ሴቶች አንድ በአንድ እያነሡ፣ ማን ከየትኛው ቀለም እንደምትሸሽ፣ የትኛዋ ወጉን እንደተወች፣ የትኛዋ ልጇ ፊት ትታ አማቷ ፊት እንደምትጠብቅ አስረዱት። የዘዬው ምዕራፍ ተቀዶ ተጣለ፤ ዘገባችሁ «አዲስ እይታ» ብሎ ያደነቀው የባሊሻ ምዕራፍ በቦታው ተተካ። ተማሪው ከማናቸውም ጥያቄ በፊት የእያንዳንዷን ተጠያቂ የጋብቻ ቤተሰብ እንዲመዘግብ የሚያዘው የጥናት ዘዴ ከአማቴ በርጩማ ላይ የመጣ ነው። ይህን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚያደርግ ሰው ምን ይባላል? እኔ እስከማውቀው ድረስ አማካሪ ይባላል፤ ለዚያውም ይከፈለዋል።

ለአማቴ የተከፈላቸው ሁለት ኪሎ ስኳርና አንድ ኪሎ ቡና ነው፤ ልጁ ባዶ እጁን አለመምጣቱ የአስተዳደጉን ጥሩነት ያሳያል፣ በዚህ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ የምስጋና ገጹ ላይ ነው። ፈጣሪ ተመስግኗል፣ አማካሪው ተመስግነዋል፣ ላፕቶፕ ያዋሰ ጓደኛ በሙሉ ስሙ ተመስግኗል፤ አማቴና የቅጂዎቹን ጽሑፍ ሌሊት ሌሊት ስገለብጥ የከረምኩት እኔ «ስማቸውን ዘርዝሬ የማልጨርሳቸው» ውስጥ ገባን። ሁለት ሰው ዘርዝሮ መጨረስ እንዴት እንደሚከብድ ለሒሳብ መምህሩ ባልደረባዬ ትቼዋለሁ። የመመረቂያ ጽሑፉን በተከላከለበት ቀን ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። ፈታኙ «የዘዬ ልዩነት አለመሆኑን በምን አረጋገጥክ?» ብለው ጠየቁት፤ «በመስክ ምልከታ» ሲል መለሰ። አማካሪው በረካ ፊት ራሳቸውን ነቀነቁ። አባሪው ላይ ደግሞ አማቴ በሠንጠረዥ አሉ፤ «መ.አ. 4፤ ጾታ ሴት፤ ዕድሜ 72፤ የትምህርት ደረጃ ያልተማረች»፤ «መ.አ.» መረጃ አቀባይ ማለት ነው። ከዚህ ቀደም ስለ ፊቼ ጨምበላላ ለጻፈ ሌላ ተማሪ ሠርቼ በነበረ ጊዜም ይኸው ሠንጠረዥ ገጥሞኛል። ፊቼ ጨምበላላ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበ በዓል ነው፤ ቀኑን ከዋክብት ተመልክተው የሚወስኑት አያንቶዎች ናቸው። ሕዝብ ሁሉ አዲስ ዓመቱን የሚጠብቅባቸው አንድ አያንቶ በዚያ ጽሑፍ ውስጥ «ያልተማረ» ተብለዋል።

አማካሪውን ለመክሰስ አለመጻፌን እንድታምኑኝ እፈልጋለሁ። ከ80 በላይ ቋንቋዎች ባሉበት አገር ለእያንዳንዱ ቋንቋ ተናጋሪ የሆነ አማካሪ ይገኝ ማለት ከንቱ ምኞት ነው፤ የቋንቋ ሳይንስም ቋንቋውን የማይናገር ሰው እንዲመረምረው የሚያስችል ዘዴ ያለው በመሆኑ የአማካሪው ሲዳምኛ አለመቻል በራሱ ነውር አይደለም። ተማሪው በመጀመሪያ በፊደል ሲጽፍ የድምፆቹ መርዘምና መጥበቅ ይጠፋበት ነበር፤ በሲዳምኛ ሁለቱም የቃል ትርጉም ይለያሉ። ይህን አይተው፣ የረዘመው አናባቢና የጠበቀው ተነባቢ ተደግመው በሚጻፉበት በላቲኑ ሆሄ ሁሉንም እንዲያስተካክል ያደረጉት አማካሪው ናቸው፤ ያለ እሳቸው የእኔም ድካም ውሃ በልቶት ነበር። የምለው፣ አማካሪው ቋንቋውን በማያውቁበት ጥናት ላይ ሁለተኛ አማካሪ የግድ አለ፤ ያ ሰው በርጩማ ላይ ስለተቀመጠ ብቻ የለም አይባልም ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ከጀመረ እ.ኤ.አ. ከ1978 ወዲህ ስንት የቋንቋ ጥናት ተጽፎ ይሆን፣ ከእያንዳንዱም ጀርባ ስንት በርጩማ አለ?

ነገሩ አዲስ ጥያቄ እንኳ አይደለም። ጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ ኢትዮጵያዊውን ካህን አባ ጎርጎርዮስን አገኘ፤ በ1652 ደግሞ ጀርመን አገር እስከ ጎታ ድረስ አስመጥቶ በመስፍኑ ቤተ መንግሥት አብረው ሠሩ፣ ከእሳቸውም ግዕዝና አማርኛ ተማረ። የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ያሳተመው በ1698 ነው፤ አባ ጎርጎርዮስ ከሞቱ 40 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሉዶልፍ ስማቸውን ጻፈ፣ አገራቸውን ጻፈ፣ ምስላቸውን አስቀርጾ አሳተመ፤ በዚህም ምክንያት እኔ ዛሬ ሐዋሳ ውስጥ ተቀምጬ ስማቸውን እጠራለሁ። «መ.አ. 1» ብሏቸው ቢሆን ኖሮ በምን እናውቃቸው ነበር?

ስም የሚሸሸገው ለተጠያቂው ደኅንነት ነው የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ክርክሩም ክብደት አለው። ስለ ግጭት፣ ስለ በሽታ፣ ስለ ቤተሰብ ጠብ የተናገረ ሰው ስሙ ሊሸሸግለት ይገባል። ይሁን እንጂ ሊሸሸግ ይፈልግ እንደሆነ የሚጠየቀው ራሱ ነው፤ አማቴን ማንም አልጠየቃቸውም። ጋዜጣችሁ ደግሞ ከዚህ የላቀ ጥበብ አግኝቷል፦ ስማቸውን ለመጠበቅ ሲል ሙሉ ፊታቸውን በግማሽ ገጽ በቀለም አውጥቷል። ጋዜጣውን ይዤላቸው ሄጄ ሳሳያቸው ፎቶግራፉን ወደ ብርሃን አዙረው አዩና «ቢላው ጥሩ ወጥቷል» አሉ። ከሥሩ ያለውን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። አነበብኩላቸው፤ ስተረጉመው ግን «ሲያዘጋጁ» ብዬ ነው።

ስለዚህ ማስተካከያ እንድታወጡ እጠይቃለሁ፤ ባሊሻ ምን እንደሆነ፣ ለተማሪው ማን እንዳስረዳው፣ ከፎቶግራፉ ሥርም የእኒህን ሴት ሙሉ ስም ከነአንቱታው። ፈቃዳቸውን ጠይቄያለሁ፤ «ይጻፉት» ብለዋል። ስሙን ግን ከእኔ አታገኙም። እኔ ከተማ ያደግሁ ነኝና ባሊሻን ከነቃላቱ አልያዝኩም፤ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ሀ ሁ የማስተምር ሴት ከሆሄው አንዱን ቤት ዘልዬ ማለፍ አልችልም። የአማቴን ስም ግን በአፌም በብዕሬም አውጥቼው አላውቅም፣ ለጋዜጣ ብዬም አልጀምርም። ባለቤቴ ከሥራ የሚመለሰው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ደውላችሁ እሱን ጠይቁት።

አንዲት መምህርት
ከሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ