ሳይሞት የሚቀበር የድምፅ ካርድ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ደብረ ብርሃንም ሆነ መሐል ሜዳ፣ አሮጌ ኮምፒውተር ድምፅ እምቢ ሲል «ካርዱ ተቃጥሏል» ተብሎ መጋዘን ይወረወራል። ብዙውን ጊዜ ግን የጎደለው ድራይቨሩ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከካርዱ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም ነው። የመንዝን የሠርግ ዘፈንና ቀረርቶ በካሴት ያቆየ ሰው ደግሞ ይህ ካርድ ያስፈልገዋል፤ የዛሬ ላፕቶፖች አብዛኞቹ የቴፕ ድምፅ የሚገባበት የላይን ኢን ቀዳዳ የላቸውም።

መብራቱን ነቅሎ፣ ክዳኑን ከፍቶ የካርዱን ቁጥር ማንበብ ይቀድማል። የክሪኤቲቭ ኩባንያ ካርዶች «ሲቲ» ብሎ የሚጀምር ቁጥር ታትሞባቸዋል፤ ሲቲ2940 ሳውንድ ብላስተር 16 ነው፣ ሲቲ4500 ኤደብሊውኢ64። ድራይቨር የሚፈለገው በዚህ ቁጥር ነው። ካርዱ ከወጣ አይቀር ጥርሶቹን በላጲስ ቀስ ብሎ ማሸት አይከፋም፤ ፍርፋሪው ግን ማስገቢያው ውስጥ እንዳይቀር።

ቀጥሎ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የቅንብር ገጽ) ውስጥ የማዘርቦርዱን የራሱን ድምፅ ማጥፋት ነው። ካርዱ ፕለግ ኤንድ ፕለይ (ቅንብሩ በፕሮግራም የሚያዝለት) ካልሆነ ደግሞ ኢንተራፕት 5ን፣ ማለትም ካርዱ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበትን መስመር፣ ለሌጋሲ አይኤስኤ (ለድሮው ዓይነት ካርድ) ማስያዝ ያስፈልጋል። ዊንዶውስ 98 ላይ ዋናው ጠንቅ ቀድሞ የተጫነ የተሳሳተ ድራይቨር ነው፤ በላዩ ሌላ መደረብ ነገሩን ያወሳስበዋል። ሲነሳ ኤፍ8 ተጭኖ ሴፍ ሞድ (አስፈላጊው ብቻ የሚሠራበት አነሳስ) ይገባል፣ ዲቫይስ ማናጀር (የዕቃዎቹ ዝርዝር) ውስጥ ያሉት የድምፅ መሣሪያዎች በሙሉ ይሰረዛሉ፣ እንደገና ሲነሳ ድራይቨር ለሚጠይቀው ዊዛርድ ትክክለኛውን የድራይቨር ፎልደር ማሳየት ነው።

ለዶስ (ከዊንዶውስ በፊት ለነበረው ሲስተም) ፕሮግራሞች፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚያነበው ኦቶኤግዜክ ፋይል ውስጥ የ«ሴት ብላስተር» መስመር ይገባል፦ ኤ220 አይ5 ዲ1 ኤች5 ፒ330 ቲ6፣ ፊደሎቹ በላቲን። ኤ ፖርቱን (የካርዱን አድራሻ)፣ አይ ኢንተራፕቱን፣ ዲ እና ኤች ዲኤምኤውን (ድምፁ ከሜሞሪ በቀጥታ የሚተላለፍበትን መንገድ) ያመለክታሉ። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፤ መስመሩ ካርዱ የት እንዳለ ለፕሮግራሙ ይናገራል እንጂ ካርዱን አይቀሰቅስም። ፕለግ ኤንድ ፕለዩን የሚቀሰቅሰው ሲቲሲኤም የተባለው ፕሮግራም ነው።

ከዚያ በኋላ ጆሮ ይፈርዳል። የጌሙ ሙዚቃ እየተሰማ ንግግርና ተኩሱ ከጠፋ ፖርቱ ደህና ነው፣ ጥፋቱ ኢንተራፕቱ ወይም ዲኤምኤው ላይ ነው። አጭር ድምፅ እየተደጋገመ ኮምፒውተሩ ከደረቀ ኢንተራፕቱን ሌላ ዕቃ ይዞታል። 7 ቁጥር ከፕሪንተር ፖርቱ ጋር ስለሚጋጭ 5 ይሻላል፤ 5ን የድሮ ኔትወርክ ካርድ ከያዘው እሱን ወደ 10 ማዛወር ነው። ሁሉም ዝም ካለ ከድራይቨሩ በፊት ስፒከሩን በሌላ መሣሪያ መሞከር፣ ሚክሰሩ (የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያው) ላይ ሚዩት አለመሆኑንም ማየት።

ለካሴት ቅጂ የቴፑ ገመድ ላይን ኢን ላይ ይሰካ፤ የማይክ ቀዳዳው ለደካማ ድምፅ የተሠራ ስለሆነ ከቴፕ የሚመጣውን ያሻክረዋል። በ44,100 ኸርዝ፣ 16 ቢት፣ ስቴሪዮ ሲቀዳ አንድ ሰዓት 635 ሜጋባይት ያህል ይፈጃል። በድሮ ሃርድ ዲስክ ላይ ይህ ቀላል ስላልሆነ ከመጀመሩ በፊት ቦታ ማስለቀቅ ነው።

ከሰላምታ ጋር
የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ፣ ከደብረ ብርሃን