የጣቢያዎቹ መረጃ ይከፈት፦ ለተባበሩት መንግሥታት የጂኦዴሲ የልህቀት ማዕከል የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተባበሩት መንግሥታት ዓለም አቀፍ የጂኦዴሲ የልህቀት ማዕከል
ቦን፣ ጀርመን

የተከበራችሁ የማዕከሉ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። በየአገሩ ለመሬት ቅየሳና ለካርታ ሥራ የተተከሉ ቋሚ የጂፒኤስ ጣቢያዎች አሉ። ሌት ተቀን የሳተላይት ምልክት ይቀበላሉ። የብዙዎቹ መረጃ ግን ከመሥሪያ ቤቱ አይወጣም። አንዳንዱ ይቆለፍበታል፤ አንዳንዱ ለከፈለ ብቻ ይሰጣል። የጂኦዴሲ፣ ማለትም ምድርን የመለካት ሳይንስ ማዕከል እንደመሆናችሁ፣ ይህ እንዲቀየር እንድትገፉልን ነው የምጽፈው።

ስልካችን ላይ ያለው ጂፒኤስ በጥቂት ሜትር ቢሳሳት ማንም ግድ የለውም። ቋሚ ጣቢያ ግን ሌላ ነገር ነው። አንቴናው ከዓለት ጋር በተያያዘ ምሰሶ ላይ ይታሰራል። 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከሚዞሩት ሳተላይቶች የሚመጣውን ሞገድ ራሱን ይለካል። የአንዱ ሞገድ ርዝመት 19 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ መሣሪያው ከዚያ ውስጥ ትንሿን ክፍልፋይ ይለያል። የሙሉ ቀን መረጃ አንድ ላይ ሲሰላ የጣቢያው ቦታ በሚሊ ሜትር ደረጃ ይታወቃል። በዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር የሚጓዙት ቴክቶኒክ ፕሌቶች (የምድር ቅርፊት የተከፋፈለባቸው ግዙፍ ክፍሎች) እንቅስቃሴያቸው በግልጽ የሚታየው እንዲህ ነው።

ዋናው ነገር ሳይቋረጥ መመዝገቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በምዕራብ ካናዳና በአሜሪካ ድንበር አካባቢ ያሉ ጣቢያዎች ከተለመደው አቅጣጫቸው በተቃራኒ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሄዱ። መሬት አልተንቀጠቀጠም፤ ማንም ምንም አልተሰማውም። ተመራማሪዎች መረጃውን ሲመረምሩት ግን ከሥር ያለው ስንጥቅ ለሳምንታት ቀስ ብሎ ሲንሸራተት እንደነበር ገባቸው። ቆይቶም በ14 ወር ገደማ እየተመላለሰ የሚመጣ መሆኑ ታወቀ። የእነዚያ ሳምንታት ፋይል ተሰርዞ ቢሆን ኖሮ ማን ያውቅ ነበር?

ሁለተኛው ጉዳይ የሰው ሕይወት ነው። በታኅሣሥ 26 ቀን 2004 እ.ኤ.አ. የኢንዶኔዢያዋ ሱማትራ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ የወጣው የመጀመሪያ ግምት መጠኑን 8 አለው። እውነተኛው ከ9 በላይ ነበር። በዚህ መለኪያ የ1 ልዩነት ማለት የሚለቀቀው ኃይል 32 እጥፍ ገደማ ይለያያል ማለት ነው። በሱናሚው ከ220 ሺህ በላይ ሰው አለቀ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጥናት ያኔ ሥራ ላይ የነበሩ የጂፒኤስ ጣቢያዎችን መረጃ ወስዶ፣ ትክክለኛው መጠን በ15 ደቂቃ ውስጥ ሊታወቅ ይችል እንደነበር አሳየ። መረጃው በሰዓቱ ለሚያሰላው ሰው ቢደርስ ማለት ነው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

በመጋቢት 11 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጃፓን ውስጥ የመጀመሪያው ግምት 7.9 ነበር፤ መሬት መንቀጥቀጡ 9.0 ሆኖ ተገኘ። ኦሺካ ላይ ያለው ጣቢያ 5.3 ሜትር ወደ ጎን ሄደ፤ 1.2 ሜትርም ወደ ታች ሰመጠ። የመሬት ንዝረትን የሚመዘግበው ሳይስሞሜትር ብቻውን እንዲህ ያለውን ግዙፍ መንቀጥቀጥ በፍጥነት መገመት ይከብደዋል። ጂፒኤስ ግን መሬቱ ምን ያህል እንደሄደ በቀጥታ ያያል።

ጣቢያ በሌለበት ምን እንደሚሆን ደግሞ አፋር አሳይታናለች። በመስከረም 2005 እ.ኤ.አ. በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ስንጥቅ ውስጥ ማግማ (የቀለጠ ዓለት) ገባ፤ መሬቱም እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ያንን መክፈቻ ያየነው በራዳር ሳተላይት ምስሎች ነው። ከዚያ በኋላ የተተከሉት የጂፒኤስ ጣቢያዎች ተከታዮቹን ክስተቶች መዘገቡ፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን አመለጡን።

ክርክሩን አውቀዋለሁ። አንዱ ገቢ ነው። ግን ቀያሽ የሚከፍለው ሜዳ ላይ ቆሞ በዚያች ቅጽበት ለሚደርሰው የቦታ ስሕተት ማስተካከያ ነው። ተመራማሪ የሚፈልገው የትናንቱን ፋይል ነው፤ በየ30 ሰከንዱ የተመዘገበው ይበቃዋል። አንዱን መስጠት የሌላውን ገበያ አይዘጋም። ሌላው የደኅንነት ሥጋት ነው፤ እሱም ቢሆን የአንድ ምሰሶ የሚሊ ሜትር ጉዞ ምን እንደሚያጋልጥ እስካሁን የነገረኝ የለም።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በየካቲት 26 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ያሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 69/266 አገሮች የጂኦዴሲ መረጃቸውን እንዲያጋሩ ያበረታታል፤ ነገር ግን በበጎ ፈቃድ ነው። ማስገደድ እንደማትችሉ ይገባኛል። የምትችሉት ግን አለ። የትኛው አገር ስንት ጣቢያ እንዳለውና የስንቱን መረጃ እንደሚያጋራ በየዓመቱ በይፋ አውጡ። ሱናሚ በሚያሰጋቸው የባሕር ዳርቻዎች ያሉት ጣቢያዎች መረጃ በቅጽበት ለማስጠንቀቂያ ማዕከላት እንዲደርስ አገሮችን አደራድሩ።

የጣቢያ መዝገብንም አትርሱ፤ ቀላል ነገር ይመስላል እንጂ ብዙ ጣጣ አለው። አንድ ቴክኒሻን የተበላሸ አንቴና ቀይሮ ቀኑን ካልጻፈ፣ የጣቢያውን ጉዞ በሚያሳየው መስመር ላይ በድንገት ዝላይ ይታያል። ከሩቅ ሆኖ ለሚያነብ ሰው መሬት የተንቀሳቀሰ ይመስለዋል። ስለዚህ ከፋይሉ ጋር መዝገቡም ይለቀቅ፤ የአንቴናው ዓይነት፣ የተቀየረበት ቀን፣ ከምሰሶው ያለው ከፍታ።

ለዚህ ደብዳቤ የምትሰጡትን መልስ በይፋ እንድታወጡት እጠይቃለሁ። የመጀመሪያው የአገሮች ዝርዝር መቼ እንደሚወጣም አብራችሁ ንገሩን።

ከአክብሮት ጋር